አራተኛው ስም

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጄ ሺራ ቤቴ መጣች። በር ላይ ሳገኛት እንደ ልማዴ «ዶክተር፣ እስኪ ጉልበቴን እዪልኝ» አልኳት። ሁልጊዜ በዕብራይስጥ «ሳባ፣ እኔ የዚያ ዓይነት ዶክተር አይደለሁም» ትለኛለች። ሳባ ማለቷ አያቴ ማለቷ ነው።

የዚያን ቀን ግን ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ሶፋው ላይ ተቀመጠች።

ሺራ እዚሁ ቤርሼቫ፣ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዶክትሬቷን ትሠራለች። እኔም ብዙ ዓመት ሠርቼበታለሁ... በመወልወያ። በየበሩና በየግድግዳው ገንዘብ የለገሰ የአንድ ሰው ስም ተለጥፏል። እኔ ደግሞ በአገራችን ልማድ የፕሮፌሰሮቹ የአባት ስም እየመሰለኝ «እነዚህ ሁሉ ወንድማማቾች ናቸው እንዴ?» ብዬ እገረም ነበር።

በኋላ ሺራ አስረዳችኝ። ማስተማሩ አንድ ነገር ነው፣ ምርምሩ ሌላ። ቋሚዎቹ ፕሮፌሰሮች ናቸው፤ እንደሷ ያሉት ግን የምርምሩ ገንዘብ እስካለ ይቆያሉ፣ ሲያልቅ ይሄዳሉ። «ታዲያ እኔና አንቺ በምን ተለያየን? የእኔንም ውል የሚያድሱት በየዓመቱ ነበር» እያልኩ አበሽቃት ነበር።

ምርምሯ ስለ ዓይን ነው። ከጎንደር በመጣነው በእኛ ሰው ውስጥ ከዘር ዘር የሚሄድ የሚመስል የዓይን ሕመም አለ። የእኔም ትልቋ ልጅ፣ የሺራ አክስት፣ ከዓመት ዓመት ብርሃኗ እየጠፋ ነው።

ለዚህ ስትል ሺራ ከሽማግሌና ከአሮጊት ሁለት ነገር ትሰበስባለች። አንዱ በትንሽ ብልቃጥ ምራቅ፣ ሌላው እስከ ሰባት ቤት የዘር ቆጠራ ነው። እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት ሳንቆጥር ልጅ አንሰጥም፣ አንቀበልምም። ስለዚህ ያልተጻፈው መዝገብ በአፋችን ነው ያለው። መጀመሪያ የሰጠናት እኔና ባለቤቴ ነን። ባለቤቴ በሰጠች በዓመቱ አረፈች።

አሁን ገንዘቡን የሚሰጡት ሰዎች አናድስም ብለዋል። ምራቁ አያትሽና ሴት አያትሽ ሥጋ ዘመድ ናቸው ይላል፣ ቆጠራው ግን እስከ ሰባት ቤት አይገናኙም ይላል። የተመራማሪዋ የራሷ ቤተሰብ እንዲህ ከሆነ የሌላው ሽማግሌ ቃል በምን ይታመናል ብለው ጻፉላት። መልስ እንድትሰጥ እስከ እሑድ ቀን ሰጥተዋታል።

እሷማ ብልቃጥ ተምታቶ ነው ብላለች። ምራቄን እንደገና ልትወስድ አዲስ ብልቃጥ ይዛ መጥታለች።

መጀመሪያ ቆጠራዬን አንብቢልኝ አልኳት። ኮምፒዩተሯን ከፍታ የነገርኳትን ከአባቴ ጀምራ ወደ ላይ ትጠራ ጀመር። ካሳ... ወርቁ... መርሻ... ፈረደ...

«ፈረደ አይደለም» አልኳት።

«ማነው ታዲያ?»

«ቸኮል።»

ወደ ሴት አያቷ ቆጠራ ሄደች። አራተኛው ላይ ቸኮል። ጣቷን እዚያው ላይ አድርጋ ቀረች።

ነገርኳት። መርሻ ወልቃይት ወርዶ የቀረ ሰው ነው፤ እኔ የዚያ ወገን ነኝ። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ፣ ጎንደር ገብቼ ልጅቱን ስወድ ዘሬን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሽማግሌ ልኬ፣ ሊቆጥሩኝ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ እኔና እሷ ወንዝ ዳር ቆጠራችንን አስተያየን... አራተኛው ላይ ተገናኘን። በቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ ቸኮልን አንስቼ ፈረደን ተካሁ። ፈረደ የሚባል ሰው ተወልዶም አያውቅም።

«ሴት አያቴ ታውቅ ነበር?»

«ስሙን የመረጠችው እሷ ናት» አልኩ።

ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም።

«የአክስቴ ዓይንስ?»

ውሃ ላምጣልሽ ብዬ ተነሳሁና ሳላመጣ ተመለስኩ። ራሷ መለሰችው፤ ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፣ ምርምሩን የጀመርኩት ይህን ለማወቅ ነበር አለች። ከዚያ እኔው ጠረጴዛ ላይ ለሰዎቹ መልስ ጻፈች። የሳባን ስም ልደብቀው ወይ ስትል አትደብቂው አልኳት።

ትናንት መልሱን ይዛ መጣች። በትሕትና ነው የጻፉት። ስለ ቅንነትዎ እናመሰግናለን፣ ነገር ግን አንድ ሽማግሌ እውነቱን ካወጣ ያላወጡት ስንት እንደሆኑ በምን እናውቃለን ይላል። እውነት አላቸው። እኔ ራሴ ሁለት ሦስት አውቃለሁ... ስማቸውን ግን አልነግራችሁም፣ አንዳንዶቻችሁ የልጅ ልጆቻቸው ናችሁ።

ምርምሩን የምትመራው ፕሮፌሰር ወደ ማስተማሯ ትመለሳለች። የሺራ ሥራ በወሩ መጨረሻ ያበቃል። ምራቁ ያለበት ማቀዝቀዣ ሌላ ምርምር ስለሚፈልገው ይለቀቃል፤ ለዚህም በሕይወት የሌሉት ሰዎች ብልቃጥ እንዲወገድ ቤተሰብ ይፈርማል። አብዛኞቹ ሰጪዎች አሁን በሕይወት የሉም። የባለቤቴን ወረቀት ሺራ ራሷ አመጣችልኝ።

ዕብራይስጡን እያየች፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ ጠየቀችኝ። «ከሟች ጋር ያለዎት ዝምድና... ይላል።»

«ባልም ዘመድም ብለሽ ጻፊ።»

ለመልሱ የተተወው ቦታ ለአንድ ቃል ብቻ ነበር የሚበቃው። የቱን ልጻፍ ብላ አልጠየቀችኝም፤ «ባል» ብላ ጻፈችና እስክሪብቶውን ሰጠችኝ።

ያኔ ከሽማግሌዎቹ መሃል እንደሷ ያለ አንድ እንኳ ቢኖር ኖሮ... መዋሸት ባላስፈለገኝ።