በካቦው ላይ መስክር

ደሴ የታሰርኩበት ክፍል በሩ ሲከፈት ከእኔ ቀድሞ የገባው ሽታዬ ነው። ከኮምቦልቻ ያነሱኝ ከነሥራ ልብሴ ነበር፤ የጥሬ ቆዳ ሽታ ደግሞ በአንድ ቀን አይለቅም። እስረኞቹ አፍንጫቸውን ይዘው ሸሹኝ። አንድ ሰው ብቻ ከጥግ ሆኖ፣ «አብሽር፣ ወዲህ ና። እኔ ለምጄዋለሁ» አለኝ።

ካቦዬ ነበር።

ፋብሪካው በውጭ ኩባንያ እጅ ሳለ የጥሬ ቆዳ ክፍል አለቃችን እሱ ነው። ጓንት ስንጠይቀው «ኩባንያው ከስሯል» ይለናል። ጨው እጃችንን እየላጠው እንስቃለን፤ አንደኛ ደረጃ ቆዳ ላይ «ሦስተኛ» የሚል ማኅተም የምንመታው እኛው ነና። ቆዳው በርካሽ የሚሸጠው ባሕር ማዶ ላለው ለዚያው ኩባንያ እህት ድርጅት ነው። ትርፉ እዚያ ይቀራል፤ እዚህ ግብር የሚከፈልበት ነገር አይገኝም። ያጉረመረመውን ካቦው ያባርረዋል። እኔንም አባሮኝ ለምኜ ተመልሻለሁ።

በኋላ ፋብሪካው ተወረሰ። ፈረንጆቹ ቀድመው ሄደው ነበር። ካቦው «የኩባንያው ተላላኪ» ተብሎ ታሰረ። እኔ ደግሞ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ «አሁንስ ጓንት አይገባንም ወይ?» ስላልኩ አሻጥረኛ ተባልኩ።

በማግሥቱ መርማሪው አስጠራኝና ሻይ አዘዘልኝ። የፈራሁት ያኔ ነው።

«ካቦው ከትርፉ ይካፈል ነበር ብለህ መስክር። ነገ ቤትህ ትገባለህ።»

«ሲካፈል አላየሁም።»

«አባሮህ የለም እንዴ?»

«አባሮኛል። ክፉ ነበር። ማኅተሙን ግን እኔም መትቻለሁ። ገንዘቡ ያለው ባሕር ማዶ ነው።»

ሻዩ ሳልጠጣው ተነሣ። ወደ ክፍሉ የተመለስኩት በእግሬ አልነበረም።

ካቦው ራሴን ደግፎ ውሃ አጠጣኝ። የተጠየቅሁትንና የመለስኩትን ነገርኩት። ጣሳውን መሬት አስቀመጠና፣ «ወላሂ፣ እኔ ብሆን እመሰክርብህ ነበር» አለ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

ቤተሰቦቹ ከኮምቦልቻ ወዲያ ሐርቡ ስለነበሩ ስንቅ የሚያመጣለት አልነበረም። ባለቤቴ መመታቴን ሰምታ የበግ ወጥ ላከችልኝ። እሱ ሙስሊም ነው፣ እኛ ያረድነውን አይበላም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሰሃኑን ስመልስ «ከእንግዲህ ሥጋ ይቅር፣ ሽሮ ብቻ ላኪ» ብዬ አስነገርኳት። ምስኪን፣ ጾም የያዝኩ መስሏታል። ሥጋው አምሮኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ሽሮው ሲመጣ «ይቅረቡ» አልኩት። አንድ ሰሃን ላይ በላን።

አንድ ጠዋት ጠርተው ወሰዱት። አልተመለሰም። እኔ ከብዙ ጊዜ በኋላ ወጣሁ፤ የድብደባው ድካም ግን አብሮኝ ወጣ። የኩባንያውን ባለቤት ስም እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ፋብሪካ የታሰርነው ካቦውና እኔ ብቻ ነን።

ይህን ስናገር ሰዎች «ደግ ሰው ነበር እንዴ?» ይሉኛል። አልነበረም። ባልበላው ዕዳ ግን በእኔ አፍ አልተያዘም።