እሌኒና ኦሌና

ልጅ እያለሁ ስሜን አልወደውም ነበር። ጄኔቭ አጠገብ፣ ላንሲ በተማርኩበት ትምህርት ቤት እሌኒ የምትባል ልጅ ከእኔ በቀር አልነበረችም። አስተማሪያችን ለአፏ እንዲቀላት «ኤሌን» ትለኛለች፤ እኔም እንደ ሹመት እቀበለዋለሁ። እንዲያውም አንድ ቀን እራት ላይ፣ ስሜ መታወቂያዬም ላይ እንዲቀየርልኝ አባዬን ጠየቅኩት። አባዬ ትራም ነጂ ነው፣ ቁጣ የማያውቅ ሰው። «ስምን መልአክ ያወጣዋል። የንግሥት ስም ከበደሽ?» አለኝና እራቱን ሳይጨርስ ተነሣ። እኔ ግን ከሐሳቤ አልተመለስኩም።

በዚያው ዓመት ከዩክሬን የመጣች ኦሌና የምትባል ልጅ ክፍላችን ገባች። አስተማሪያችን እንደ ልማዷ «ሁለተኛዋ ኤሌን» ብላ ልታስተዋውቃት ስትል፣ ልጅቷ ደረቷን መታ መታ አድርጋ «ኦሌና» አለች። ፈረንሳይኛ ገና አታውቅም። በስሟ እስኪጠሯት ድረስ ግን ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። እኔ በልቤ «ምን ያለችው ደረቅ ናት!» ብዬ ታዘብኳት፤ እውነቱን ለመናገር ቀንቼባትም ነበር።

ፈረንሳይኛው ሲቀናት የምታወራኝ ስለ ስሟ ሆነ። በአገሯ ተረት ቆንጆዋ ልጅ ኦሌና እንደምትባል፣ ጥንት አንዲት የኪየቭ ልዕልት ስትጠመቅ ይህንኑ ስም እንደወሰደች፣ ስሙ የመጣው ግን መስቀሉን ካገኘችው ንግሥት እንደሆነ አያቷ ነግረዋታል። በመስቀሉ በዓል ቀን እባቦች ለብርዱ ወራት ወደ ጉድጓዳቸው ስለሚሰበሰቡ ጫካ የሚደፍር የለም አለችኝ። ይህን እንኳ በጸጥታ ሰማሁ። ንግሥቲቱ መስቀሉ የተቀበረበትን ቦታ ያወቀችው እዚያ በበቀለ ጥሩ መዓዛ ባለው ቅጠል ነው ስትለኝ ግን ደሜ ፈላ። «ውሸት! ደመራ አስለኩሳ ጭሱ ነው የመራት! እሌኒ የእኛ ናት!» ብዬ ጮህኩባት። እሷም «የእኛ ናት!» አለች። ይቀየርልኝ እያልኩ በምለምነው ስም ፀጉር ለመጓተት ምንም አልቀረኝም።

አባዬ ጠባችንን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ። የእነሱም በዓል በድሮው አቆጣጠራቸው ከእኛ መስቀል ጋር አንድ ቀን ስለሚውል፣ ኦሌናን ከነእናቷ ለደመራ ጠራቸው። የስዊስ ደመራ መቼም ታውቁታላችሁ፤ በተውሶ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ከጉልበት ከፍ የማይል፣ የውሃ ባልዲ ከጎኑ የሚቆምለት። የኦሌና እናት ሻሽ አስረው፣ እቅፍ ሙሉ ቅጠል ይዘው መጡ። ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ጠጋ ብለው አሸተቱና «ውይ በሞትኩት፣ በሶብላ እኮ ነው!» አሉ። ሴቶቹ ሁሉ ለማሽተት ተሰበሰቡ። ቄሱ አንዱን ዘለላ ከመስቀላቸው ጋር አብረው ይዘው ደመራውን ዞሩ። ከዚያ «ስምሽ ማነው ልጄ?» ብለው ኦሌናን ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። «አንቺስ?» ሲሉኝ ድምፄ ግቢውን ሞላው። «እሌኒ!»

እልልታው ለሁለታችንም ቀለጠ። አባዬ እዚያ የማያውቀኝ ሰው ያለ ይመስል፣ በየሰዉ ጆሮ «እሌኒ የእኔ ልጅ ናት» እያለ ሲዞር አመሸ። ከዚያ በፊት እንዲህ ኮርቼ አላውቅም። ትምህርት ቤት ስመለስ «ኤሌን» ስባል ዝም አልኩ። አስተማሪያችን ገባት መሰለኝ፣ ፈራ ተባ እያለች በስሜ ጠራችኝ፤ እኔም አቤት አልኩ።

ዛሬ ኦሌና ጄኔቭ ውስጥ፣ ከጦርነቱ ሸሽተው ለመጡ የአገሯ ልጆች ፈረንሳይኛ ታስተምራለች። እኔ ዙሪክ ነኝ። ልጄን ቅድስት ብዬ ስሰይማት ጓደኞቼ «ለስዊሶቹ አይከብድም?» ብለውኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ጀርመንኛውን ከጉሮሮው ሲናገር የሚውል የዙሪክ ሰው «ቅ» እንዴት ይከብደዋል? በእኛ ልጅነት ለሰው አፍ እንድንመች የምንደክመው እኛው ነበርን። ባለፈው ሳምንት ከኪንደርጋርተን ላመጣት ስሄድ፣ ልጄ አስተማሪዋን አጠገቧ አስቀምጣ ስሟን ስታለማምዳት ደረስኩ። አስተማሪዋ ትሞክራለች፣ ልጄ ታርማታለች፣ ሁለቱም ይስቃሉ። በሩ ላይ ቆሜ ዐይኔ እንባ ማቅረሩን ስታይ ያዘንኩ መሰላት።

«አይዞሽ እማዬ፣ ነገ ትችለዋለች» አለችኝ።