የቄስ አስማማው ግዝት

የብርጓል የሰው ስቃይ የሚያስደነግጣት ሴት አልነበረችም። ባሕር ዳር ውስጥ ድሬሰር ሆና ስትሠራ ስንቱን ደግፋ ቁስሉን አሰፍታለች፤ ከሰሜን ጦር ግንባር ቁስለኛ መጉረፍ ከጀመረ ወዲህማ እንባዋም የደረቀ መስሏት ነበር። አባቷ ቄስ አስማማው ከዘጌ በታንኳ ተጭነው ሲመጡ ግን ድሬሰርነቷ ሁሉ ከዳት። ካንሰሩ አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል። ሐኪሙ ከእንግዲህ ቤት ይረፉ ብሎ፣ ማስታገሻ ሞርፊን ሰጥቶ አሰናበታቸው፤ እሷም እዚያው ባሕር ዳር ከቤቷ አስተኛቻቸው። ያን ጊዜ ሞርፊን ከቁስለኛው ተርፎ አይገኝም። የብርጓል መድኃኒቱን ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ቆልፋ፣ ቁልፉን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሰረችው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ መርፌውን ስታዘጋጅ፣ ቄስ አስማማው ዐይናቸውን ሣጥኑ ላይ ተክለው፣ ሁሉንም ባንዴ ቢወጉ ምን እንደሚሆኑ ጠየቋት። መዋሸት አታውቅበትምና እውነቱን ነገረቻቸው። ምነው ያኔ ዝም ባለች!

«እንግዲያው አሳርፊኝ» አሉ።

እንደማታደርገው በእንባ ነገረቻቸው። እሳቸው ግን መስቀላቸውን ከትራሳቸው ሥር አወጡ። «በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን ገዝቼሻለሁ። ካላሳረፍሽኝ ልጄ አይደለሽም።»

ግደይኝ ብሎ ልጁን የሚገዝት ቄስ ማን ሰምቶ ያውቃል? እኒህ ሰው እኮ ታንቆ የሞተ ጎረቤታቸውን ፍትሐት አይገባውም ብለው፣ ሚስቱ እግራቸው ላይ ወድቃ እያለቀሰች፣ ሬሳውን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ያስመለሱ ናቸው። ከሞቱ አሟሟቱ የሚባለው ለካ ለቄስም ነው።

የብርጓል ብትፈጽም ነፍሰ ገዳይ፣ ባትፈጽም ግዝት አፍራሽ ልትሆን ነው። የተለመደውን ልክ ብቻ ወጋቻቸውና፣ የነፍስ አባታቸውን አባ ወልደ ዮሐንስን እንዲጠራላት ጎረቤቷን ላከች።

አባ መጥተው ነገሩን ከሰሙ በኋላ ለኃጢአት የተነገረ ግዝት እንደማይጸና ተናገሩ። ነፍስ የሰጠ ነው የሚወስዳት፤ እሷ ነፃ ናት፣ የታሰሩት የገዘቱት ራሳቸው ናቸው አሉ።

«አባ፣ ይህን አጥንት እርስዎ አንድ ቀን ይሸከሙትና ይፍረዱ» አሉ ቄስ አስማማው።

አባ ወልደ ዮሐንስ መስቀሉን አቅርበው ግዝቱን እንዲፈቱላት ለመኗቸው። ቄስ አስማማው መስቀሉን አነሡና «እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ» አሏት። የብርጓል እፎይ ብላ መስቀሉን ልትሳለም ጎንበስ ስትል እጇን ያዟት።

«አሁን ግዝት የለብሽም። እንዲያው ለአባትሽ ብለሽስ?»

ለግዝቱ አባ መልሰውላታል፤ ለዚህ ማን ይመልስላት? ሳታስበው እጇ ወደ አንገቷ ሄደ፤ ቁልፉ ጣቷን ሲነካት ከአባቷ ይልቅ ራሷን ፈራች። ቶሎ ብላ ከማተቧ ፈትታ በአባ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

«ይያዙልኝ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ብቻ ይክፈቱልኝ። ከዚህ ቤትም አይሂዱብኝ። እኔ ራሴን አላመንሁትም።»

ቄስ አስማማው ቁልፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር አይተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አባም እስከ መጨረሻው ከአጠገባቸው አልተለዩም። ቄስ አስማማው ሲያርፉ ፍትሐቱ ሳይጓደል ተደረገላቸው። ግዝቱን በአንደበታቸው ፈትተውት ነበር፤ ነገር ግን ቁልፉን ካስረከበች ጀምሮ እስኪያርፉ ድረስ የብርጓልን አንድ ጊዜም «ልጄ» ብለው አልጠሯትም።