ሽማግሌዎቹ የተቀመጡ ዕለት

ባለፈው ግንቦት ያ ክፉ ነፋስ ጎንደርን የመታት ዕለት እኛ አዘዞ ነበርን። ነጎድጓዱን ሰማን፣ መብራትም ጠፋብን፤ ከዚያ የከፋ ነገር ግን አልደረሰብንም። ሲመሽ ታናሽ ወንድሜ ደሴ ደወለ። እሱ የሚኖረው ከቅዳሜ ገበያ ወረድ ብሎ ባለው የአባታችን ቤት ነው።

"እህቴ፣ የአባባ ቤት ጣራ ሄደ" አለኝ።

"ምን ያህሉ?"

"ምን ያህሉ ትያለሽ እንዴ! ጣራው ነው እኮ የምልሽ። እኛ ደኅና ነን፣ ጎረቤት ገብተናል።"

በማግሥቱ ከባለቤቴ ከመኳንንት ጋር ሚኒባስ ተሳፈርን። መኳንንት ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ጉልበቱ ደረጃ ገና ሲያይ ማማረር ይጀምራል። ያን ቀን ግን አሮጌ ሱሪውንና ወፍራም ጫማውን አድርጎ ወጣ። "ምን ልትሠራ ነው?" ስለው "ምንም፤ ልናይ አይደል የምንሄደው?" አለኝ። እኔም አመንኩት።

መንገዱ ሁሉ የተሰባበረ ነገር ነበር። ትልልቅ ዛፎች ከነሥራቸው ተነቅለው አስፋልቱ ላይ ተኝተዋል። ቆርቆሮ በመብራት ምሰሶ ላይ ተጠምጥሟል። የሚኒባሱ ረዳት እንደ አስጎብኚ በመስኮት ብቅ እያለ ያስረዳን ነበር። "ያ የሆቴሉ ማስታወቂያ ነው። ያ ደግሞ በር ነው፤ የማን እንደሆነ ግን እስካሁን አልታወቀም።" ሰዉ እየሳቀ ያዝናል፣ እያዘነ ይስቃል። የሞተ ሰው ስላልነበረ መሳቅ ይቻል ነበር።

ደሴ ቤት ስንደርስ በሩ ተቆልፏል። ጣራ የሌለውን ቤት በር መቆለፍ የወንድሜ ጠባይ ነው። ከፍቶልን ገባንና ሳሎኑ መሐል ቆመን ቀና አልን። ራቁታቸውን የቀሩ እንጨቶች፣ ከእነሱ በላይ ደመና። መኳንንት አየኝ፣ እኔም አየሁት፤ ከዚያ ሁለታችንም መሳቅ ጀመርን። ደሴ ተቀየመን። አይፈረድበትም። ከዚያ ሳሎን ውስጥ ሆነን ሰማይ ስናይ ሁለተኛ ጊዜያችን መሆኑን አያውቅም፤ የመጀመሪያው ሲሆን ገና ጡት አልጣለም ነበር።

አባቴ ካሴ እህል ነጋዴ ነበር። በሕይወቱ የሚመካበት ነገር ቢኖር ይህ ጣራ ነው። ሲያፈስ ከሚያድር የሣር ክዳን ተነሥቶ፣ ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰው እኔ በተወለድኩበት ዓመት ነው። ኮርኒስ እንኳ አላስመታም፤ ቆርቆሮው እንዲታይለት። እንግዳ ሲመጣ ከሰላምታው ቀጥሎ የአባቴ ዓይን ወደ ላይ ይሄዳል፤ እንግዳውም ቀና ብሎ ማድነቅ አለበት። ክረምት ሊገባ ሲል ራሱ ይወጣና ምስማሩን አንድ በአንድ እየነካካ ያያል፣ የላላውን ይመታል፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ድንጋይ ይጭናል። እናቴ ታዲያ "ሁለት ሚስት ነው ያለው፤ አንዷ ላይ ናት" ትል ነበር።

ያን ጊዜ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በአባቴ እህል ቤት እሠራ ነበር። መኳንንት ከወገራ የመጣ ወጣት መምህር ነው፤ ማራኪ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ከማራኪ ተነሥቶ ስንቱን እህል ቤት አልፎ እኛ ዘንድ ይመጣና አንድ ጣሳ ጤፍ ይገዛል። በማግሥቱ አንድ ጣሳ ሽንብራ። ከዚያ አንድ ጣሳ ምስር። አንድ ቀን ገብስ ገዝቶ ሲወጣ አባቴ በዓይኑ ሸኘውና "ይህ ሰው ዶሮ ነው እንዴ የሚያረባ?" አለኝ። ሳቄን ለመደበቅ ከጆንያዎቹ ጀርባ አጎነበስኩ። ወድጄው ነበር። ጣሳውን ሲቀበለኝ እህሉን ትቶ እኔን ስለሚያይ ሁልጊዜ ጥቂት እህል መሬት ይፈስሳል፤ እሱ ከሄደ በኋላ ያን ፍሬ ስለቅም ደስ ይለኝ ነበር።

ሽማግሌ ላከ። አባቴ መለሳቸው። ይህ ማንንም አላስከፋም፤ ሴት ልጁን በመጀመሪያው ጥያቄ የሚሰጥ አባት ሊገላገላት የቸኮለ ይመስላል። እንደገና ላከ፤ እንደገና መለሳቸው። ያን ጊዜ ግን ምክንያቱን ተናገረ። "ልጁ ሸጋ ነው፤ አላማሁትም። ግን የራሱ ጣራ የሌለው ሰው ልጄን የት ሊያስቀምጣት ነው? በሰው ቤት?" አባቴ ስለ ጣራ ሲናገር ቀልድ አያውቅም። ፈራሁ።

ሦስተኛው የመጨረሻ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ከዚያ በኋላ ደጅ መጥናት ለላኪውም ውርደት ነው። በዚያ ላይ መኳንንት ወደ አይከል ተዛውሮ ነበር። አባቴ አሁንም እንቢ ካለ እሱ ለብቻው አይከል ይሄዳል፤ እኔም ከጆንያዎቹ ጋር እቀራለሁ።

የተቀጠረው በግንቦት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም የለም። እናቴ ከማለዳ ጀምራ ዶሮ ትሠራለች። አባቴ ሽታው ደርሶት ብቅ አለ።

"የማን ዶሮ ነው?"

"የእኛ።"

"ለማን ነው?"

"ለሚበላ" አለችው፣ ቀናም ሳትል። በዚህ ነገር እናቴ ከማን ወገን እንደሆነች ያን ጊዜ ገባኝ፤ አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ መሳም አማረኝ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። ነገር አዋቂው አያ ተገኘ፣ ጥላቸውን የያዙ አንድ መሪጌታ፣ እና የመኳንንት አከራይ አያ ፈንቴ፤ እኒህ ሰፊና ከባድ ሰው ናቸው። በራፍ ላይ ተሰልፈው ቆሙ። አባቴ "ተቀመጡ እንጂ" አላቸው። እነሱም እንደ ደንቡ "የመጣንበት ሳይሆንልን አንቀመጥም" አሉ። ሽማግሌ ከተቀመጠ ጉዳዩ አልቋል ማለት ነው፤ እህል ውኃም የሚቀርበው ያን ጊዜ ነው። እኔና እናቴ ጓዳ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነን እናያለን። ደሴ እናቴ ጀርባ ላይ ተኝቷል። ከጠዋት ጀምሮ የሚያፍን ሙቀት ነበር፤ ከጭልጋ በኩል ያለው ሰማይ ደግሞ ጠቁሮ ወደኛ ይመጣል።

አያ ተገኘ ሸጋ አድርገው ተናገሩ። ስለ ልጁ ዘር፣ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ጠባዩ። አባቴ እስኪጨርሱ ታገሠና ጉሮሮውን ጠራረገ። እዚህ ላይ ሰው አያምነኝም፤ የሆነው ግን እንዲህ ነው። "እኔኮ ያልሁት፣ የራሱ ጣራ..." ብሎ ሳይጨርስ ከጣራችን ጥግ አንድ ቆርቆሮ ብድግ አለና ተመልሶ ወደቀ።

ሁሉም ቀና አሉ። መጀመሪያ አቧራ መጣ፣ ቀጥሎ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ከዚያ የጎረቤታችን የታጠበ ልብስ ከነገመዱ በመስኮታችን በኩል አለፈ። በረዶው ሲጀምርማ መደማመጥም ቀረ። በረዶን ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሆኖ የሰማ ያውቀዋል፤ ያልሰማ ሰው ጆንያ ሙሉ ጠጠር አናቱ ላይ ሲገለበጥ ያስብ። አባቴ ወደ ዕቃ ቤቱ ሮጠና እህል በበቅሎ የሚጭንበትን የመጫኛ ገመድ ይዞ ተመለሰ። በአግዳሚው እንጨት ላይ ወርውሮ አዞረውና "ያዙልኝ!" አለ።

ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ጥለው ተንጠለጠሉ። ነፋሱ ሲነሣ አራቱም በእግር ጣታቸው ይቆማሉ፣ ረገብ ሲል በተረከዛቸው። የአያ ፈንቴ ክብደት ያን ዕለት በረከት ሆነ።

"እንዳትለቁ!" አለ አባቴ።

"አንለቅም" አሉ አያ ተገኘ እየጮሁ። "ግን ካሴ፣ መልሳችንን አልነገርኸንም።"

"አሁን? በዚህ ሰዓት?"

"ምን አለበት? እኛ እንደሆን ፊትም ቆመን ነበር።"

"የምነግራችሁን ነግሬያችኋለሁ! ያዙ!"

መሪጌታው ዓይናቸውን ጨፍነው "እግዚኦ መሐረነ" ይላሉ። ለጣራው ይሁን ለእኔ አላወቅኩም። እኔ በበኩሌ ለሁለቱም ጸለይኩ፤ ከሁለቱ አንዱ ብቻ የሚሰጠኝ ከሆነ ግን ጣራው ይቅር ብዬ ነበር።

በዚህ መሐል አንድ ከባድ ነገር ጣራው ላይ ዱብ አለ። "ዛፉ ወደቀ!" አለ አባቴ። ነገር ግን ዛፍ አይንፏቀቅም፤ ይህ ይንፏቀቃል። ወደ ተነሣው ጥግ ሄደና ቆመ። እዚያ ጋ ያለው ቆርቆሮ መንጫጫቱን ተወ። ወዲያው ከጎኑ ያለው ተቀደደና በረረ፤ በክፍተቱም ዝናብና ብርሃን አንድ ላይ ገቡ። ቀጥሎ አንድ ፊት ብቅ አለ። ፀጉሩ ግንባሩ ላይ ተለጥፏል፣ ከአፍንጫው ውኃ ይንጠባጠባል።

አባቴ መጫኛውን እንደያዘ አንጋጠጠ። "ማነህ አንተ?"

"እኔ ነኝ... ሽማግሌ የላክሁት ነኝ" አለ መኳንንት።

ላኪ ከሽማግሌዎቹ ጋር አይመጣም፤ ነውር ነው። እሱም ከመንገዱ ታች ከዋርካው ሥር ቆሞ መልሱን ይጠብቅ ነበር። የጣራችን ጥግ ሲነሣ ሲያይ ግን ነውሩን ረስቶ ሮጠ። የድንጋዩን አጥር ወጥቶ፣ ከአጥሩ ወደ ጣራው ተሻግሮ በሆዱ ተኛበት። ያን ጊዜ መብረቅ ወረደ፤ ብርሃኑና ድምፁ አንድ ላይ ነበሩ። እናቴ ደሴን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እኔ መጋረጃውን ቀድጄ ወጥቼ ኖሯል፤ እንዴት እንደወጣሁ ዛሬም አላስታውስም።

"ውረድ!" ብሎ ጮኸ አባቴ። "አንተ ልጅ፣ ውረድ! ትቃጠላለህ!"

"አያ ካሴ፣ ጣራው ይሄድብዎታል!"

"ይሂድ! ይሂድ ጣራው! ውረድና ግባ!"

አባቴ ነው እንግዲህ። ያ ምስማሩን እየቆጠረ የሚኖር ሰው። የመኳንንት ፊት ከላይ ጠፋ፣ ከዚያ በደጅ በኩል ጭቃ ውስጥ ሲወድቅ ሰማን።

ይህን ጊዜ አያ ተገኘ መጫኛውን ለቀቁ። ጋቢያቸውን ከወደቀበት አንሥተው ጨምቀው ለበሱና፣ ውኃ ያቆረውን መደብ በእጃቸው ጠረግ አድርገው ተቀመጡ። መሪጌታው ይህን አይተው ተቀመጡ። አያ ፈንቴም እፎይ ብለው ተቀመጡ። መጫኛው ላይ አባቴ ብቻውን ቀረ፤ ነፋሱ ሲነሣ እሱም አብሮ ከመሬት ሊነሣ ይቃጣዋል።

"ምን ትሠራላችሁ!"

"ተቀመጥን" አሉ አያ ተገኘ።

"ማን ተቀመጡ አላችሁ?"

"አንተ። ልጁን ውረድና ግባ ካልኸው፣ እኛ ቆመን ምን እንሠራለን?"

አባቴ ወደ እሳቸው ዞረ። መጫኛው ከእጁ ሾለከ። የዚያ በኩል ጣራ እንዳለ ተነሥቶ እንደ ትልቅ ወፍ ወደ ታችኛው ሰፈር ሄደ። በሩ ተከፈተና መኳንንት ገባ። ከራስ እስከ እግሩ ጭቃ ነው፣ መዳፎቹን ቆርቆሮው ቆርጧቸው ይደማሉ። እናቴ ቶሎ ብላ በንጹሕ ጨርቅ አሰረችለት። አባቴ ልጁን አየው፣ ሰማዩን አየው፣ እንደገና ልጁን አየው።

"ጣራ የለህም ብለን ነበር የመለስንህ" አለው። "አሁን እኩል ሆነናል፤ ተቀመጥ።"

ዶሮው ቀረበ። እናቴ ክዳኑን ስታነሣ ከላዩ በረዶውን በእጇ ጠረገችው። ዝናቡ ገና ጨርሶ ስላላባራ ጠብታው እየተጨመረበት ወጡ ቀጠነ፤ አያ ፈንቴ ግን እንዲህ ያለ ዶሮ በልተው እንደማያውቁ ደጋግመው ተናገሩ። የተጋባነው በተከታዩ ጥር፣ በአዲስ ቆርቆሮ ሥር ነው። አይከልም አብረን ሄድን።

ከዓመታት በኋላ አባቴን "ምነው ያን ቀን ሐሳብህን ቀየርህ?" እያልኩ እጠይቀው ነበር። "ሰው ቤቴ ላይ ይሙት?" ይለኝና ወሬ ይቀይራል። እስኪሞት ድረስ መልሱ ይኸው ነበር። እኔም ፍርሃት እንጂ ሌላ አይደለም ብዬ ተቀብዬው ኖርኩ።

ባለፈው ግንቦት ታዲያ፣ የአባቴን ቤት አይቼ ስቄ ከጨረስኩ በኋላ፣ ከደሴ ጋር የረጠበ ዕቃ ወደ ደጅ ማውጣት ጀመርን። ከጭልጋ በኩል ሰማዩ እንደገና ማጉረምረም ጀምሯል። ቀና ስል መኳንንት፣ በዚያ ጉልበቱ፣ በዚያ ወፍራም ጫማው፣ መሰላሉን ጨርሶ አግዳሚው እንጨት ላይ ሊወጣ እግሩን አንሥቷል።

"ውረድ!" ብዬ ጮኽኩ። "አንተ ሰውዬ፣ ውረድና ግባ!"

ደሴ ደንግጦ የያዘውን ጣለ። እኔም ደነገጥኩ፤ የወጣው ድምፅ የአባቴ ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ። ለባዳ ሰው እንዲህ አይጮኽም። እንዲህ የሚጮኸው የራስ ለሆነ ሰው ነው። አባቴ ያን ልጅ የራሱ ያደረገው ከመጮኹ በፊት ነበር፤ አያ ተገኘ ይህን ሰምተው ነው የተቀመጡት።

መኳንንት ከላይ ሆኖ ጎንበስ ብሎ አየኝ። ፀጉሩ ነጭ ነው አሁን።

"የት ልግባ ዓለሜ? ጣራ የለውም እኮ።"

"ያን ጊዜስ ነበረው?" አልኩት።

የመሰላሉን ደረጃ አንድ በአንድ እየረገጠ ወረደ።