ወይዘሮ ግማሽ

ጥፋቱ የእኔ ነው። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ነገር እያድበሰበሰ የሚያወራ ሰው አልወድም፤ ራሴ አንድ ወር ሙሉ ያደረግሁት ያንኑ ቢሆንም።

በከተማው የጤና ጽሕፈት ቤት የስታቲስቲክስ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ከቢሮዬ ሁለት በር አልፎ አንዲት ሴት ትቀመጥ ነበር፤ በስሟ የሚጠራት የለም። ከኋላዋ "ወይዘሮ ግማሽ" ነው የምንላት። እሷም ታውቃለች። ሃያ ዓመት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ጓንት፣ ወረቀት፣ የመኪና ጎማ ቆጥራ ተረክባ ቆጥራ የምታስረክብ። ሁሉ ነገር ወደ ኮምፒውተር ሲዞር እኛ "በዚህ ዕድሜያችን!" እያልን ስናጉረመርም፣ እሷ ባሏን ቀብራ ሁለት ልጅ ብቻዋን እያሳደገች፣ በአርባ ሦስት ዓመቷ ከልጆቿ እኩዮች ጋር ተቀምጣ ተማረች። በኋላ "በይ እንግዲህ ደመናውን ያዢ" ተባለች።

ደመና ስል ዝናብ የሚያዘንበውን አይደለም። ሩቅ ያለ አንድ ድርጅት የኮምፒውተሮቹን ጉልበት ያከራየናል፤ እኛ እዚሁ ቁጭ ብለን በኢንተርኔት እንሠራበታለን። ሰው ደመና ሲባል መጨረሻ የሌለው ነገር ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር። ለካ ጣሪያ አለው! የእኛ ሁለት መቶ ኮምፒውተር ነበር፤ እኛ ማሽን እንላቸዋለን። አንዱ የተበላሸ ፕሮግራም ሁሉን እንዳያግበሰብስ ተብሎ፣ ከሁለት መቶ በላይ በአንድ ጊዜ አይነሳም። ጣሪያው ከፍ ይበልልን ብሎ ማመልከት ይቻላል፤ መልሱ ግን ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል።

ሁለት መቶውን ለየክፍሉ የምታከፋፍለው እሷ ናት። ከዚያ ላይ አርባውን ለማንም አትሰጥም፤ ባዶ ታስቀምጠዋለች። "ለአምቡላንስ ነው" ትላለች። የአምቡላንሱ ፕሮግራም የደዋዩን ቦታ ካርታ ላይ አይቶ በጣም ቅርብ የሆነውን መኪና የሚመርጥ ነው። በደህና ቀን ሃያ ማሽን ይበቃዋል፤ ጥሪ ሲበዛ ግን ራሱ ተጨማሪ ይጠይቃል። እኛ ያን ባዶ አርባ እያየን እንቃጠል ነበር። "ምቀኛ፣ አትበላው አታስበላው!" እንላለን።

ማንም የጠየቀውን ያህል አግኝቶ አያውቅም። ግማሹን ትቆርጣለች። እኛም ሞኞች አይደለንም፤ ሃያ የፈለገ አርባ ብሎ ይጽፋል። እሷ ትቆርጣለች፣ ሰውዬው የልቡን አግኝቶ እያማረረ ይወጣል። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርን። ማንም ለማንም አስተምሮት አይደለም፤ አዲስ የመጣ ኃላፊ እንኳ በሁለተኛው ወር ይገባዋል።

አንድ ማክሰኞ ለዓመታዊው ሪፖርት ማሽን ፈልጌ ሄድኩ። አርባ ይበቃኝ ነበር። እንደ ደንቡ ሰማንያ ብዬ ጻፍኩ። መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አውርዳ አየችኝና "ሰማንያ?" አለች። ያን ቀን ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ሰው ፊት ነበር፣ ደሜ ፈላ።

"አንቺ ሴትዮ፣ በሕይወትሽ አንድ ቀን እንኳ ሰው አምነሽ ታውቂያለሽ? ሰማንያ ካልኩ ሰማንያ ነው! ሌባ አደረግሽን እኮ!" አልኳት።

ከኋላዬ የነበሩት ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። "እሺ፣ ሰማንያ" አለች። "አርባውን ከባዶው ላይ ነው የምሰጥህ። እስከ ሐሙስ ነው፤ ቀድመህ ከጨረስክ መልስልኝ።"

ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ከተሰጠኝ አይቀር ብዬ ሰማንያውንም አስነሳሁ። ግማሾቹ ሥራ ፈትተው እንደሚውሉ እያወቅሁ።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ያ ዝናብ መጣ። ድልድዩ ላይ መኪኖች ተላተሙ፣ ታች ሰፈር ቤት ውስጥ ውሃ ገባ፣ ስልኩ መጮህ ጀመረ። የአምቡላንሱ ፕሮግራም ተጨማሪ ማሽን ጠየቀ። "ከተፈቀደው ገደብ በላይ" የሚል መልስ መጣ። ደግሞ ጠየቀ፤ ያው መልስ። ካርታው ቀጥ ብሎ ቆመ። ስልክ የሚያነሱት ልጆች በእስክሪብቶ አድራሻ እየጻፉ፣ የትኛው መኪና የት እንዳለ ሳያውቁ በግምት መላክ ጀመሩ።

የሌላ ክፍል ሥራ ያለ ኃላፊው ፈቃድ አይቋረጥም የሚል መመሪያ አለ። ስለዚህ ወደ እኔ ደወለች። ምሳ ላይ ነበርኩ፤ ዝናቡ ይዞኝ እዚያው ተቀምጫለሁ። ስሟን አየሁና "ይኸው፣ ገና በአንድ ቀን መልስ ልትለኝ ነው" ብዬ ስልኩን ገለበጥኩት። አሥራ አንድ ጊዜ ደውላለች። በመጨረሻ መመሪያውን ጥሳ የእኔን ማሽኖች በገዛ እጇ አጠፋቻቸው፤ ካርታውም ተንቀሳቀሰ። በመካከሉ ግን ሃያ አምስት ደቂቃ ሄዷል።

በዚያች ሃያ አምስት ደቂቃ ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ ስፌቱ ላይ እንዳለ ራሱን ስቶ ወደቀ። ሚስቱ ደወለች። ከቤታቸው አምስት ደቂቃ የማይርቅ አምቡላንስ ቆሞ ሳለ ከከተማው ወዲያ ማዶ ያለው ተላከለት። አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ደረሰ። ሰውዬው ተርፏል፤ ቀኝ እጁና አንደበቱ ግን አልተመለሱም።

አጣሪ ኮሚቴ ተቀመጠ። አራታችንም የክፍል ኃላፊዎች ተጠራን። ሁለት ክስ ነበረባት፦ መጠባበቂያውን አሳልፋ ሰጠች፣ ያለ ፈቃድ የሌላ ክፍል ሥራ አቋረጠች። ሰብሳቢው "ለምን ሰጡ?" አላት።

"ጠየቀኝ። አምኜ ሰጠሁ" አለች። ወደ እኔ አልዞረችም።

"ጠያቂው ሥራውን ያውቃል፤ ማመዛዘን የእርስዎ ፋንታ ነበር" አለ ሰብሳቢው። አራታችንም እጥፍ እየጻፍን የኖርን ሰዎች አንገታችንን ደፍተን ጠረጴዛ እናያለን። "አርባ ይበቃኝ ነበር" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር። ዝም አልኩ! አፈር ልብላ፣ ዝም አልኩ። ከቦታዋ አንስተው ወደ ግምጃ ቤቱ መለሷት።

ወር ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ውሸት ነው፤ ተኝቻለሁ። እህል ግን አልጥም አለኝ። አንድ ቀን ወደ ምድር ቤቱ ወረድኩ። የጓንት ካርቶን እየቆጠረች ነበር፤ እስክትጨርስ ቆሜ ጠበቅኋት።

"እህቴ፣ ይቅር በይኝ። የሚበቃኝ አርባ ነበር" አልኳት።

"አውቅ ነበር" አለችኝ። "ስድስት ዓመት እጥፍ ስትጽፉ አላየሁም መሰለህ? እናንተ ስታጥፉ እኔ ስቆርጥ ነበር የምንስማማው።"

"ታዲያ ያን ቀን ለምን ሰጠሽኝ?"

"ሰው አታምኚም አልከኝ። እውነትህን መሰለኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ ልጆቼን ስጠይቃቸው እነሱም ሳቁ።" የቆጠረችውን ካርቶን ወደ ጎን ገፋችው። "ቆርጬ ቢሆን ኖሮ ሰውዬው ዛሬ ይሰፋ ነበር።"

ለኮሚቴው እጽፋለሁ አልኳት። "ጻፍ፤ እሱ ያንተ ጉዳይ ነው" አለች። "ቅዳሜ ግን ከእኔ ጋር ትሄዳለህ።"

ለካ በየቅዳሜው ልብስ ሰፊው ቤት ትሄዳለች። አርብ ደብዳቤዬን አስገባሁ፣ ቅዳሜ ተከትያት ሄድኩ። አንድ ክፍል ቤት ነው። የስፌት መኪናው አንሶላ ለብሶ ጥግ ቆሟል። ሰውዬው መስኮት ሥር ተቀምጦ ግራ እጁን አነሳልን። ሚስቱ የማይገባኝን አክብሮት ሰጥታ ወንበር አመጣችልኝ።

"ከመሥሪያ ቤት ነዎት? እግዜር ይስጥልኝ። ሰው ሲጠይቀው ደስ ይለዋል" አለችኝ።

መንገድ ላይ ብዙ ስዘጋጅ ነበር የመጣሁት።

"አርባ ይበቃኝ ነበር" አልኳት። "እኔ ግን ሰማንያ ወሰድኩ።"

ሴትየዋ ወደ ባሏ አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ።

"አርባ ምን?" አለችኝ።