የእናቴ ሚስኮል

እናቴ አዲስ አበባ ሆና በየማለዳው ሚስኮል ታደርግልኝ ነበር። አንዴ ጠርቶ ከተዘጋ «ደህና አድሬአለሁ» ማለት ነው፤ ማንሳት ክልክል። አንድ ቀን እዚህ ናይሮቢ ቸኩዬ ባነሳው «ካርዴን በላሽው!» ብላ ጮኸችብኝ።

ሚስኮሉ የሚገባው ቁጥሮቹ በተፋቁ፣ ክዳኑ በላስቲክ በታሰረ አሮጌ ስልኬ ነበር። ሌባ እንኳ የሚጠየፈውን ስልክ፣ ማታቱ፣ የዚህን አገር ሚኒባስ፣ ስሳፈር ጡቴ ሥር ነበር የምሸጉጠው።

በኋላ ስልኩ በራሱ ድርግም ብሎ መጥፋት ጀመረ። ኢምባካሲ፣ ሰፈራችን ያለው ስልክ ሠሪ ከፍቶ አየውና «እህቴ፣ ይሄ አብቅቶለታል» አለኝ። የሚያብረቀርቅ አዲስ ስልክ መዳፌ ላይ አስቀምጦም፣ ይሄኛው በራሱ እንደማይጠፋ ማለልኝ።

የፈራሁት ይህንኑ መሆኑን ምን ብዬ ላስረዳው? እናቴ ብቻዋን ነበር የምትኖረው፤ የልብ በሽታም ነበረባት። ሚስኮሏ ሳይመጣ የሚቀርባቸው ማለዳዎች ነበሩ። ያኔ «ምን ሆና ይሆን?» እያልኩ ወደ ስልኩ እሮጣለሁ። ስልኩን ሳየው ግን ጠፍቶ አገኘዋለሁ። «አንተ ርጉም!» ብዬ እሰድበዋለሁ፤ ነፍሴም መለስ ትላለች። ደውላለች ማለት ነው፤ ጥፋቱ የእሱ ነው።

አዲሱን መለስኩለት። የማይጠፋ ስልክ አንድ ማለዳ ዝም ቢለኝ፣ ማንን ልሰድብ ነው?