ድንበር ላይ የተከልኩት ባሕር ዛፍ

ባሌ ሲሞት አንድ በሬ ቀረኝ። ጎረቤቴም አንድ በሬ ነበረው። ሁለቱን እየጠመደ አንድ ቀን የእሱን፣ አንድ ቀን የእኔን ያርስ ነበር፤ መቀናጆ የምንለው ይኸው ነው። እኛ አገር ሴት እርፍ አትይዝም። በሬ አቀርባለሁ፣ ምሳ አደርሳለሁ፣ ከኋላ እየተከተልኩ ጓል እከሰክሳለሁ። ስለ ልጆቼ ለሚጠይቀኝ፣ አጠገቤ የሉም ብቻ እላለሁ።

አንድ ሰኔ ጎረቤቴ፣ ልጁ ከዓረብ አገር በላከችለት ገንዘብ ከወረኢሉ ገበያ ሁለተኛ በሬ ገዝቶ መጣ። እንኳን ደስ ያለህ ልለው ብሄድ ደጅ ላይ አቆመኝ።

«እትዬ፣ ከእንግዲህ መቀናጆው ይብቃን።»

«በዘር ሰሞን? የኔ በሬ ከማን ጋር ይጠመድ?»

«ከአንቱ ጋር ነዋ» ብሎ ሳቀ። ሚስቱም ከውስጥ ሳቀች። ቀጥሎ የልቡን ተናገረ፦ «በሬውን ሽጡት፣ መሬቱን በእኩል ስጡኝ። እኔ አርሳለሁ፣ አንቱ ግማሹን ተቀምጠው ይበላሉ።»

ተቀምጠው የሚበሉ መበለቶችን አውቃለሁ። መጀመሪያ ግማሽ፣ ቀጥሎ ሲሶ፣ በስተኋላ ደግሞ «ዘንድሮ ውርጭ መታው» ይባላል። ከዚያ ድንበሩ የት እንደነበረ የሚያስታውስ አይገኝም።

ማንንም ሳላማክር በሬውን መካነ ሰላም ወስጄ ሸጥኩና መሬቴን በሙሉ የሚሸፍን የባሕር ዛፍ ችግኝ ገዛሁ። ጉድጓዱን ራሴ ቆፈርኩ። ሴት እርፍ አትያዝ እንጂ ዶማ አትያዝ ያለ የለም። በጎረቤቴ ስንዴ በኩል ያለውን ጠርዝ አስቀድሜ ተከልኩ፤ ከድንበሩም አልራቅኩም።

ዛፉ ከቁመቴ ሲያልፍ ጎረቤቴ መጣ።

«እትዬ፣ አላህን ፍሩ። ሥሩ ስንዴዬን ጠጥቶ ጨረሰው።»

«ውርጭ መትቶት ይሆናል» አልኩት።

ሽማግሌ ላከ። አልቆረጥኩም። ይቅርታም አልጠየቅኩም፤ ዛሬም አልጠይቅም። መሬቱ በእጄ ነው።

አንድ ነገር ግን የነገረኝ አልነበረም። እህል ሰው ይጠራል። ለአረም ይመጣሉ፣ ለአጨዳ ሰፈሩ ተጠራርቶ በጅጌ ይወጣል፣ አውድማ ላይ ሲሰዳደቡና ሲዘፍኑ ይውላሉ። ዛፍ ማንንም አይጠራም። ነጋዴው ከደጎሎ መኪና ይዞ ይመጣል፣ ያስቆርጣል፣ ከፍሎኝ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ይሄዳል። ጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል።

ኅዳር ሲገባ የጎረቤቴን አጫጆች ከዛፎቹ መሀል ሆኜ እሰማቸዋለሁ። ማን ማን እንደሆኑ በድምፃቸው እለያለሁ። እያዜሙ፣ እያጨዱ ወደ እኔ ይቀርባሉ። ስንዴው የሳሳበት ጠርዝ ሲደርሱ፣ የሚታጨድ ስለሌለ ፊታቸውን አዙረው ይመለሳሉ።